«ንፍጡን አጥቡት፣ ካንሰሩ ይቆማል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ስለ ትልቁ አንጀት ካንሰርና ሙሲን ስለሚባለው ዝልግልግ ነገር ነው። እኔ ጋ እንኳ ከተለያየ ሰው ደርሶኛል። የላኩልኝ ሁሉ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «አንተ ፓቶሎጂ ውስጥ አይደል የምትሰራው? ይሄ ነገር እውነት ነው?» ፓቶሎጂ ከታካሚ የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት ክፍል ነው።

ጸሐፊው ክፉ አስበው የጻፉት አይመስለኝም። አጻጻፋቸው ለዛ አለው። አንዳንዱ የሳይንስ ነገርም በትክክል ነው የገባው። ችግሩም እሱ ነው። ግማሹ እውነት ሲሆን ቀሪው ግማሽ አብሮ ይዋጣል።

ላላነበባችሁት ባጭሩ እንዲህ ይላል። ሙሲን አንጀት ውስጥ ሲጠራቀም ካንሰር ይወልዳል። ካንሰሩ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚሄደውም በዚሁ ዝልግልግ እየተንሸራተተ ነው፤ ስለዚህ የምርመራ ወረቀቱ ላይ «ሙሲነስ» ተብሎ የተጻፈበት ሰው አበቃለት። ናሙና መውሰድ ዝልግልጉን ስለሚያፈስ ካንሰሩን ይበትነዋል። ተልባ፣ አብሽና ባሚያ ዝልግልግ ስለሆኑ መተው አለባቸው፤ አባቶቻችን ኮሶ ይጠጡ እንደነበረው እኛም አንጀታችንን በየጊዜው ማጠብ አለብን። በመጨረሻም አናናስና አክታ የሚያቀጥን መድኃኒት ሙሲኑን አሟሙቶ ካንሰሩን ራቁቱን ያስቀረዋል። አላጣመምኩም፤ በራሴ አማርኛ አሳጠርኩት እንጂ።

በተራ ልሂድበት።

መጀመሪያ «ሙሲን ሲጠራቀም ካንሰር ይወልዳል» የሚለው።

ሙሲን ብዙ ስኳር የተሸከመ ትልቅ ፕሮቲን ነው። የሰው ልጅ ሙሲን የሚሰሩ 20 ያህል ጂኖች አሉት። አንዳንዶቹ የሚሰሩት ሙሲን ከሴሉ ወጥቶ ውሃ ይጠጣና ዝልግልግ ይሆናል። ሌሎቹ ሴሉ ቆዳ ላይ ተተክለው ይቀራሉ። ይቺን ልዩነት ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልጋታለን። ጽሑፉ ሁሉንም አንድ ላይ ጨፍልቆ ነው «ሙሲን» የሚለው።

ትልቁ አንጀት ውስጥ ዋናው ዝልግልግ ሰሪ ሙክ 2 ይባላል። ጎብሌት የሚባሉ ሴሎች እየሰሩ ወደ ውጭ ይለቁታል። ሁለት ንብርብር አለው። የውስጠኛው ጥብቅ ብሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው፤ ባክቴሪያ ወደዚያ አይገባም ማለት ይቻላል። የውጨኛው ላላ ያለ ነው፤ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት እዚያ ነው። ይሄን በ2008 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ያሳዩት በስዊድን የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። በአይጥ አንጀት ውስጥ ይሄ የውስጠኛው ንብርብር በአንድ ሰዓት አካባቢ እንደሚታደስም በኋላ ለክተዋል። በሰዓታት ውስጥ የሚታደስ ነገር ለዓመታት እንዴት እንደሚጠራቀም ጸሐፊው አልነገሩንም።

ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃም አለ። በ2002 የወጣ አንድ ሙከራ የሙክ 2 ጂን እንዳይሰራ የተደረገባቸውን አይጦች ተከታተለ። ዝልግልጉ የለም ማለት ነው። ጸሐፊው ልክ ቢሆኑ ኖሮ እነዚህ አይጦች የአንጀት ካንሰር ዝር አይልባቸውም ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። በትንሹ አንጀት፣ በትልቁ አንጀትና በፊንጢጣ ዕጢ አወጡ። ሽፋኑ ሲጠፋ ባክቴሪያው ግድግዳውን በቀጥታ ያገኘዋል፤ አንጀቱ ሲቆጣ ይኖራል፤ የቆየ ቁጣ ደግሞ ለካንሰር መንገድ ይጠርጋል። እንግዲህ የሚታጠበው የትኛው ነው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር እሰጣቸዋለሁ። ጤናማ ሰው ሰገራው ላይ ንፍጥ በዓይኑ አያይም፤ ካየ የሆነ ነገር እየነገረው ነው። ግን እኛ አገር ንፍጥ ያለው ሰገራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አሜባ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ነው። የቆየ የአንጀት ቁስለትም ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ ፊንጢጣ አካባቢ የበቀለ፣ ገና ካንሰር ያልሆነ ትልቅ ፖሊፕ (ከግድግዳው የወጣ እብጠት) ብዙ ንፍጥ ያወጣል። በዚህ ሁሉ ንፍጡ ምልክት ነው፤ ምክንያት አይደለም። ብቻውን ከሚታይ ንፍጥ ይልቅ የሚያስፈራኝ ከሰገራ ጋር የሚመጣ ደም፣ ለሳምንታት የቆየ የአወጣጥ ለውጥ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ እንዲሁም ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ደም ማነስ ነው። «ኪንታሮት ነው» ተብሎ ስንት ደም እንደታለፈ ብነግራችሁ አታምኑም።

ሁለተኛው ነጥብ የጽሑፉ እምብርት ነው፤ እኔም ጊዜ የምሰጠው ለእሱ ነው። ሙሲን ካንሰሩን ተሸክሞ ያሰራጫል፣ «ሙሲነስ» ማለትም ሞት ነው የሚለው።

ቃሉን ከሪፖርቱ እንጀምር። ካንሰሩ «ሙሲነስ» የሚባለው ከዕጢው ይዘት ከግማሽ በላዩ ከሴሎች ውጭ የፈሰሰ ሙሲን ሲሆን ነው። ከ100 የትልቁ አንጀት ካንሰር ከ10 እስከ 15 ያህሉ እንዲህ ነው። በቀኝ በኩል ባለው የአንጀት ክፍል ይበዛል።

በእጅ ሲያዝም ያስታውቃል። ከቀዶ ሕክምና የመጣ አንጀት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሲቆረጥ ተራው ካንሰር ነጣ ያለና ደረቅ ነው። ሙሲነሱ ግን ያብለጨልጫል። ቢላውን ስታነሱት ዝልግልጉ ክር ሆኖ ይከተለዋል፤ ጓንት ላይ ቀርቶ አልለቅ ይላል። ማይክሮስኮፕ ስር ስታስገቡት ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ኩሬ ነው የሚታየው። ኩሬው መሃል የካንሰር ሴሎች እፍኝ እፍኝ ሆነው ተንሳፈዋል። ይሄን ያየ ሰው «በቃ፣ እየዋኘ ነው የሚሄደው» ቢል አልፈርድበትም። ጸሐፊውም የዚህ ዓይነት ፎቶ ነው የለጠፉት።

ደግሞም ሙሲን በስርጭት ውስጥ እጁ የለበትም ማለቴ አይደለም። አለበት። የሚጠራቀመው ዝልግልግ ግፊት ይፈጥራል፤ የአንጀቱን ንብርብሮች እየሰነጠቀ ሴሎቹን ወደፊት ሊገፋቸው ይችላል። ይሄ አንዱ መንገድ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ጽሑፉ ውስጥ ጭራሽ የለም፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚገርመው እሱ ነው። ሴሉ ላይ ተተክለው የሚቀሩ ሙሲኖች አሉ ብያችሁ ነበር። ዋናው ሙክ 1 ነው። ጤነኛ ሴል ሙክ 1ን የሚያወጣው ወደ አንጀቱ ቀዳዳ በሚያየው ጫፉ ብቻ ነው። የካንሰር ሴል ግን አቅጣጫው ይጠፋበትና ዙሪያውን ይለብሰዋል። ያኔ ከጎረቤት ሴል ጋር የሚያያዝበት ቦታ ይሸፈናል፤ ከማኅበሩ መውጣት ይቀለዋል። በዚያ ላይ ሙሲኖቹ የተሸከሟቸው ስኳሮች ቅርጻቸው ይለወጣል። የተለወጡት ስኳሮች ሴሌክቲን የሚባሉ መያዣዎችን ያገኛሉ። ሴሌክቲን በደም ሥር ግድግዳና በፕላትሌት፣ ማለትም ደም በሚያረጉት ትንንሽ የደም ክፍሎች ላይ ይገኛል። ደም ውስጥ የገባው የካንሰር ሴል ፕላትሌት ይለብስና ከመከላከያ ሴሎች ይሸሸጋል፤ የሚያርፍበትም ቦታ ያገኛል።

ይሄ ግምት ብቻ አይደለም። በካሊፎርኒያ ሳንዲዬጎ የሚገኙ ተመራማሪዎች በ1998 ፒ ሴሌክቲን በሌላቸው አይጦች ላይ የሰው ትልቅ አንጀት ካንሰር ሴል ሞክረው ዕጢውም ስርጭቱም ቀንሶ አግኝተዋል። በኋላም ሄፓሪን የሚባለው ደም አቅጣኝ ይሄን ግንኙነት በአይጥ ላይ እንደሚያደናቅፍ አሳይተዋል። ነገ ደግሞ «ሄፓሪን ካንሰር ያድናል» የሚል ጽሑፍ እንዳይመጣ ከአሁኑ ልናገር፦ አይጥ ነው ያልኩት።

በነገራችን ላይ ሙሲን የሚያመነጩ ካንሰሮች ደም እንደሚያረጉ የታወቀው ገና ሙሲን በደንብ ሳይታወቅ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም አርማን ትሩሶ በ1865 ከካንሰር ጋር የሚመጣ የደም ሥር መርጋትን አስተማረ። ትንሽ ቆይቶ የራሱ ደም ሥር ላይ ያንኑ ምልክት አየ። ምን ማለት እንደሆነ ያውቅ ነበር። በ1867 በጨጓራ ካንሰር ሞተ።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ካመንኩ ከጸሐፊው ጋር ምን አጣላኝ?

አንደኛ፣ «ተንሸራቶ ይሄዳል» የሚለው ሐሳብ ልክ ቢሆን ሙሲነስ ካንሰር የትም ቦታ ከተራው ካንሰር በልጦ መገኘት ነበረበት። አይገኝም። በ2014 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ካንሰራቸው ተሰራጭቶ የሞቱ ከ1,600 በላይ ሰዎችን የአስከሬን ምርመራ መዝገብ አይቷል። ተራው ካንሰር ከ100 ሰው በ73ቱ ጉበት ደርሷል። ሙሲነሱ በ52ቱ ነው። ቀነሰ! በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ግን ተገለባበጠ፤ ተራው በ20፣ ሙሲነሱ በ48። ታዲያ ሙሲን «ያሰራጫል» ከሚባል መንገድ ያስለውጣል ቢባል ይቀርባል። ለሐኪም ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው፤ የት እንደሚፈልግ ይነግረዋል።

ሁለተኛ፣ ሙሲን ሁሉ አንድ አይደለም። ተራው ካንሰር ሙክ 1ን ሲያበዛ መጥፎ ምልክት ነው። ሙክ 2ን ሲያጣ ደግሞ እሱም መጥፎ ምልክት ሆኖ ተገኝቷል። አንዱ ሲበዛ፣ ሌላው ሲጠፋ። «ሙሲን ይጥፋ» የሚል ሰው የትኛውን ማለቱ ነው?

ሦስተኛውን ከራሴ ጠረጴዛ ላይ ላንሳው። የፊንጢጣ ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጨረርና ኪሞ ይወስዳሉ። ከዚያ የተቆረጠው አንጀት ወደ እኛ ይመጣል። አንዳንዴ ዕጢው በነበረበት ቦታ የሙሲን ኩሬ ብቻ እናገኛለን። ኩሬው አለ፤ ሴል የለም። አናምንም፤ ናሙናው የተቀበረበትን የሰም ብሎክ ደጋግመን እየቆረጥን አንድ ሴል ፍለጋ እናያለን። ከሌለ የለም። ያኔ በዓለም አቀፉ መመሪያ መሠረት የምንጽፈው «የቀረ ካንሰር የለም» ብለን ነው። ሙሲኑ እዚያው የአንጀቱ ግድግዳ ውስጥ ቁጭ ብሎ ማለት ነው። ሙሲን በራሱ ካንሰር ተሸካሚ ቢሆን ይሄን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ወንጀል ነበር። ጥፋቱ የሴሉ ሆኖ ሳለ ሙሲኑን መውቀጥ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ነው።

አሁን ወደ «አበቃለት»። ይሄ ቃል አናዶኛል፤ አልደብቅም። ጽሑፉን የሚያነበው ሪፖርቱን በእጁ የያዘ ሰው ሊሆን ይችላል።

በ2012 የቤልጅየም ሐኪሞች ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አጠቃልለው አይተው ነበር። ሙሲነስ መሆን የሞት አደጋን ከ2 እስከ 8 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አገኙ። ከፍ ማለቱን እቀበላለሁ። ግን ልብ በሉ፣ ይሄ ከተራው ካንሰር ጋር ሲነጻጸር የሚጨመረው ነው፤ ከ100 ሰው የሚሞተው ቁጥር አይደለም። ካንሰሩ ስንተኛ ደረጃ ላይ ተገኘ የሚለው ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ክብደት አለው። ሙሲነስ ካንሰር ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ስለሚገኝ ነው በጥቅሉ ሲታይ የከፋ የሚመስለው።

ጸሐፊው ልክ የሚሆኑበት አንድ ዓይነት አለ። ሙሲኑ ከሴሉ ሳይወጣ ውስጡ ታጭቆ ኒውክለሱን ወደ ዳር የገፋበት፣ የቀለበት ቅርጽ የሚይዘው ሲግኔት ሪንግ የሚባለው ካንሰር ነው። ከ100 አንድ ያህል ነው። እሱ በእርግጥ ክፉ ነው። ከሙሲነስ ጋር ግን አይምታታ፤ ጽሑፉ አምታቶታል።

በሌላ በኩል ጨርሶ ያልተነሳ መልካም ዜና አለ። ሙሲነስ ካንሰሮች ውስጥ ከተራዎቹ በበለጠ መጠን ኤምኤስአይ የሚባል ባሕርይ ይገኛል። የሴሉ የዲኤንኤ ስሕተት አራሚ ተበላሽቷል ማለት ነው። ሊንች ሲንድረም በሚባለው በዘር የሚወረስ ችግርም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለው ካንሰር ስሕተቱ ብዙ ስለሆነ መከላከያ ሴሎች ይለዩታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ባወጣው የዕጢዎች ምደባ ሙሲነስ ሁሉ በጅምላ «ክፉ ደረጃ» መባሉ ቀርቶ በኤምኤስአይ እንዲለይ የተደረገውም ለዚህ ነው። በ2022 ደግሞ ኒውዮርክ ውስጥ ይሄው ባሕርይ ያለው የፊንጢጣ ካንሰር የያዛቸው 12 ሰዎች ዶስታርሊማብ የሚባል መድኃኒት ወስደው የሁሉም ዕጢ ጠፋ። ሙከራው ለሙሲነስ ብቻ ተብሎ አልተደረገም፤ ቁጥሩም ትንሽ ነው፤ መድኃኒቱም ውድ ነው። ግን «አበቃለት» የተባለው ሰው ከእነዚህ ወገን ሊሆን ይችላል። ሪፖርታችሁ ላይ «ሙሲነስ» ካለ ሐኪማችሁን «ኤምኤስአይ ታይቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አራት ፕሮቲኖችን በማቅለም ይታያል።

ወደ ሦስተኛው። ባዮፕሲ፣ ማለትም ናሙና መውሰድ፣ ካንሰሩን ይበትናል።

ስጋቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ትርፍ አንጀት ላይ የሚወጣ በሙሲን የተሞላ ዕጢ አለ። እሱ ሆድ ውስጥ ከፈነዳ ሴሎቹ ሽፋኑ ላይ ይዘራሉ፣ ሆዱም ቀስ በቀስ በዝልግልግ ይሞላል። በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው አንድ ወይም ሁለት ሰው ላይ የሚታይ ነገር ነው። ቀዶ ሐኪሞች እንዲህ ያለ ትርፍ አንጀት ሲገጥማቸው እንዳይፈነዳ እንደ ዓይን ብሌን ነው የሚጠብቁት። ጸሐፊው ይሄን ሰምተው ከሆነ በትክክል ሰምተዋል።

ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት ካሜራ ባለው ቱቦ ከውስጥ ማየት፣ ግን ሌላ ነው። መሣሪያው የሚገባው በአንጀቱ ቀዳዳ ነው። ሚሊሜትሮች የሚሆን ቁራጭ የሚነሳው ከውስጠኛው ገጽ ነው። የሚፈስ ነገር ቢኖር እንኳ የሚፈሰው ሰገራው ወደሚያልፍበት ነው፤ ወደ ሆድ ዕቃው አይደለም። ያንኑ ገጽ ሰገራ በየቀኑ እያሻሸው ያልፋል፤ ብዙ ጊዜ የሚደማውም ለዚህ ነው። መነካካት የሚበትነው ቢሆን ምግብ መብላትም መከልከል ነበረበት።

የዚህ ነጥብ ጉዳት ከሌሎቹ ይለያል። ተልባ የተወ ሰው ተልባ ነው የቀረበት። ባዮፕሲ የተወ ሰው ግን ምን እንደያዘው አያውቅም፤ ኤምኤስአይ አይታይለትም፤ የሕክምና ዕቅድ አይወጣለትም። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ላይ በወንዶች ከሚታዩት ካንሰሮች የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር ከፊት የሚሰለፍ ነው። ከሚመጡት ብዙዎቹ ዘግይተው የሚመጡ ናቸው፤ 50 ያልሞላቸውም አሉባቸው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ምንም ምልክት ባይኖራችሁም ቅድመ ምርመራ የሚጀመርበት ዕድሜ በ2021 ከ50 ወደ 45 ወርዷል። ቤተሰብ ውስጥ በሽታው ካለ ከዚያም ቀደም ይላል።

አራተኛው ተልባ ላይ የተነሳው ክስ ነው። ትንሽ ፈገግ አሰኝቶኛል።

ተልባ ሲዘፈዘፍ የሚወጣው ዝልግልግ ከሙሲን ጋር በመልክ ይመሳሰላል። እውነት ነው። መመሳሰሉም መልክ ላይ ያበቃል። የተልባው፣ የአብሹና የባሚያው ዝልግልግ የተክል ስኳር ሰንሰለት ነው፤ በአንጀታችን አልፎ የእኛን ሙሲን አይሆንም። እኛ መፍጨት ስለማንችል ሳይነካ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ያብላሉትና ቡቲሬት የሚባል ነገር ያወጣሉ። ቡቲሬት ደግሞ የአንጀት ግድግዳ ሴሎች ዋና ምግብ ነው።

አሰር መከልከል ምን እንደሚያመጣም ተሞክሯል። በ2016 በታተመ ጥናት የሰው አንጀት ባክቴሪያ የተሰጣቸው አይጦች አሰር የሌለበት ምግብ እንዲበሉ ተደረገ። ባክቴሪያዎቹ ርቧቸው የሙሲኑን ሽፋን ራሱን በሉት። ሽፋኑ ሳሳ፣ አይጦቹም ለኢንፌክሽን ተጋለጡ። ተልባውን ትታችሁ ሽፋናችሁን እንዳታስበሉ።

ተልባ ለማንም በማንኛውም ጊዜ ይጠቅማል ግን አልልም። አንጀቱ በዕጢ የጠበበበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ብዙ ተልባ ቢወስድ መዘጋት ሊያመጣበት ይችላል። ሲወሰድም ከብዙ ውሃ ጋር ነው፤ ኪኒን ከሚዋጥበት ሰዓትም መራቅ አለበት። ከምግብ በእርግጥ የሚፈራ ከፈለጉ ደግሞ ቋሊማና ሞርታዴላ አለላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2015 ያወጣው ግምገማ በቀን 50 ግራም እንዲህ ያለ የተቀነባበረ ሥጋ መብላት የትልቁ አንጀት ካንሰርን አደጋ በ18 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አስቀምጧል። ጽሑፉ ስለዚህ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ተልባ ግን ተወነጀለ።

እጥበቱን በተመለከተ፣ አባቶቻችን ኮሶ የጠጡት ለኮሶ ትል ነው። ጥሬ ሥጋ ይበሉ ነበር፣ ትሉ ይይዛቸው ነበር፣ ይጠጡና ያስወጡት ነበር። ንፍጥ ለማጠብ አልጠጡም። ጽሑፉ ላይ የተለጠፈው ፎቶ ደግሞ፣ ያ ረጅም ጎማ የመሰለ ጥቁር ገመድ፣ «ከአንጀት የወጣ የዓመታት ንፍጥ» የተባለው፣ ለማጠቢያ ተብሎ ከተዋጠው ነገር የተሰራ ነው። እነዚህ ማጠቢያዎች ብዙ ጊዜ ሲሊየም የሚባል አሰርና ቤንቶናይት የሚባል ሸክላ አፈር ነው ያለባቸው። ሁለቱ ውሃ ሲነካቸው አብረው ያብጣሉ፤ የአንጀቱን ቅርጽ ይዘው ይወጣሉ። ኮሎኖስኮፒ የሚሰሩ ሐኪሞች ስንቱን አንጀት ከውስጥ ያያሉ፤ ያን ገመድ ግን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አያገኙትም። ለኮሎኖስኮፒ አንጀት ይታጠብ የለ ወይ? ይታጠባል፤ ሐኪሙ እንዲያይ ነው። በየወሩ በየቤቱ በቱቦ ማጠብ ግን አንጀት ሊበሳ፣ የሰውነትን ጨው ሊያዛባ ይችላል። ልብ ወይም ኩላሊት ለሚያመው ሰው ደግሞ ቀልድ አይደለም።

የመጨረሻው አናናስና የአክታ መድኃኒት ነው። እዚህ ጋ ጸሐፊውን በከፊል አመሰግናለሁ፤ እውነተኛ ምርምር አንብበዋል። ብሮሜሌይን ከአናናስ፣ በተለይ ከግንዱ የሚወጣ ፕሮቲን ቆራጭ ነው። አሴቲልሲስቲን አክታ ያቀጥናል፤ ፓራሲታሞል አብዝቶ ለወሰደ ሰውም ይሰጣል። በአውስትራሊያ ሲድኒ የሚገኙ ቀዶ ሐኪሞች ሁለቱን አዋህደው ብሮማክ የሚል ስም የሰጡት መድኃኒት እየሞከሩ ነው። ሆዳቸው በዝልግልግ ለተሞላ፣ ቀዶ ሕክምና ላስቸገራቸው ታካሚዎች ነው። መድኃኒቱ የሚሰጠው በቱቦ በቀጥታ ዝልግልጉ ውስጥ ነው፤ ሆስፒታል ተኝተው፣ ትኩሳትና ሕመም እየተጠበቀ። ይሄና የጠዋት ጁስ አይገናኙም። የተበላ አናናስ ውስጥ ያለው ብሮሜሌይን መጠኑ ትንሽ ነው፤ ከጨጓራ አልፎም ዕጢ ውስጥ ላለው ኩሬ አይደርስም። አናናስ ከወደዳችሁ ብሉ፤ ጥሩ ፍሬ ነው።

ሌላም ያልተገናኘ ነገር አለ። ሦስተኛው ነጥብ ላይ ዝልግልጉ እንዳይፈስ ተብሎ የሚሊሜትር ባዮፕሲ ተከለከለ። አምስተኛው ላይ ደግሞ ዝልግልጉ በሙሉ ይሟሟ ተባለ። ሙሲኑ ካንሰሩን ይዞ የሚበትን ከሆነ አሟሙቶ መልቀቅ ይብስ ነበር። ሙሲኑ ሲሄድ ካንሰሩ የሚሞት ከሆነ ደግሞ ባዮፕሲው ምን አጠፋ? ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረባቸው። የሲድኒዎቹ ሐኪሞች እንኳ ዝልግልጉ ቢሟሟ ሴሉ ይሞታል ብለው አልተቀመጡም፤ ከኪሞ ጋር እያጣመሩ የሚሞክሩትም ለዚህ ነው።

ጸሐፊው ይሄን ካነበቡ በማንኛውም ነጥብ ላይ መልስ ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል፤ ስለ ተልባው እንኳ እንከራከር። ባዮፕሲን የሚከለክለውን አንቀጽ ግን ክርክሩን ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ያውርዱልን።